ፀሐይ ያነጣው የመኪና ገመድና መረብ እንዴት ይነከራል?

ሰላም ወገኖች፣ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርትና ማሾ ጭነን ወደ ደብረ ብርሃን የምንወጣበት አይሱዙ አለን። የጭነት ገመዱና መረቡ ድሮ ደማቅ ሰማያዊ ነበሩ፣ የቆላው ፀሐይ ልጧቸው አሁን አመድ መስለዋል።

ለስፌት አለላ የሚሆነውን የዱቄት ቀለም ከኮምጣጤ ጋር አፍልቼ ከሁለቱም ቁራጭ ቁራጭ ነከርኩ። ገመዱ ናይሎን ነው መሰለኝ፣ ቀለሙን ጥሩ አድርጎ ያዘ። መረቡ ግን ወይ ፍንክች! ሳለቀልቀው ቀለሙ ሙልጭ ብሎ ወረደ፣ ደግሞ ባልዲው ውስጥ ይንሳፈፋል። ስለዚህ ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ፕላስቲክ ሳይሆን አይቀርም፤ እሱ ደግሞ ቀለም የሚገባበት ፋብሪካ ውስጥ ገና ቀልጦ ሳለ ነው። ታዲያ ከላይ ተቀብቶ ሲታጠፍ የማይሰነጠቅ ነገር የሞከረ አለ?

ለገመዱም አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ 91 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ፣ ወርጄ ውሃው ይበልጥ ሞቆ በሚፈላበት ሮቢት ብነክረው ቀለሙ ይበልጥ ይደምቃል ወይስ ለውጥ የለውም?

ሌላው ደግሞ መረቡን በጥፍሬ ስፍቀው ነጭ ብናኝ ይረግፋል። ጉልበቱ አልቆ ከሆነ ንገሩኝ፣ ጣርማ በር ዳገት ላይ ሽንኩርት ከሚበተንብኝ አዲስ ብገዛ ይሻላል።