ማቅለጫው የሚተከለው ድንጋዩ ጋ ነው መብራቱ ጋ?

ብየዳ ቤት፦
ሰላም ቤተሰብ። ጅማ ፈረንጅ አራዳ ብየዳ ቤት አለኝ። ከሁለት ወዳጆቼ ጋር ብረት ከማዕድኑ የማቅለጥ ሐሳብ ይዘናል። ድንጋዩ ያለው ከአስፋልቱ በጣም ገባ ብሎ ነው። መብራት የለም፤ ክረምት ላይ መንገዱ ጭቃ ነው። አንዱ ወዳጄ ጀነሬተር ይላል፣ ሌላው ሶላር። እኔን የናፍጣው ወጪ እንቅልፍ ነስቶኛል። ምን ትላላችሁ?

ኤሌክትሪሻኑ፦
ወንድሜ፣ ሒሳቡን አስቀድም። አንድ ቶን ብረት ከማዕድን በኤሌክትሪክ ምድጃ ለማውጣት ከ2,000 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይፈጃል። ጀነሬተር ከአንድ ሊትር ናፍጣ የሚሰጥህ 3 ቢበዛ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በቶን 600 ሊትር ግድም አቃጠልክ ማለት ነው። ብረት ሸጠህ ይህን አትመልሰውም። ሶላሩም ማታ የለም፣ የጅማን ክረምት ደግሞ አንተው ታውቀዋለህ። ምድጃ እንደ ብየዳ ማሽንህ ሲመችህ የምታጠፋው አይደለም። የቀለጠው ውስጡ ከረጋ በመዶሻ መፈልፈል ነው።

እኔ ብሆን ሥራውን ለሁለት እከፍለዋለሁ። መፍጨትና አፈሩን ማስለቀቅ እዚያው ድንጋዩ ጋ፤ ክሬሸር ቢቆምም ነገ ይነሳል፣ ሶላርም ትንሽ ጀነሬተርም ይበቃዋል። ማቅለጡ ግን ሰብስቴሽን (የመብራት ማከፋፈያ ጣቢያ) አጠገብ። ግልገል ጊቤ አንድ 184 ሜጋዋት ይዞ አፍንጫችን ሥር ተቀምጧል። ጋናዎች የአኮሶምቦ ግድባቸውን ኃይል ይዘው አሉሚኒየም ማቅለጫቸውን ቴማ ወደብ ላይ ነው የተከሉት፤ ጥሬ ዕቃው በመርከብ እየመጣላቸው። መሬት ከመያዝህ በፊት ግን ትራንስፎርመሩ ትርፍ አቅም እንዳለው በጽሑፍ አረጋግጥ። በቃል «ችግር የለም» ተብሎ የከሰረ ሰው አውቃለሁ።

የአይሱዙ ሹፌር፦
ጭነቱን ከእኔ ስማ። ድንጋዩን እንዳለ አትጫን፣ ለአፈር ኪራይ ትከፍላለህ። ብረቱ 60 በመቶ ቢሆን እንኳ ለአንድ ቶን ብረት ከ1.6 ቶን በላይ ማዕድን ታመላልሳለህ። ቡና ሲደርስ ደግሞ መኪና በልመና ነው። ከዚያ በፊት አከማች። ሰፈሩ የሚጠጣው ወንዝ ላይ ማጠብ ከጀመርክ ግን ገበሬው መንገድ ይዘጋብሃል። እውነቱን ነው።

ብየዳ ቤት፦
እግዜር ይስጥልኝ። የዴልቢን የድንጋይ ከሰል ብንጠቀምስ? ቅርባችን ነው።

ኤሌክትሪሻኑ፦
ማዕድኑን ወደ ብረት ለመለወጥ ካርቦን በመብራትም ብታቀልጥ አይቀርልህም። ግን መጀመሪያ ላቦራቶሪ ይየው። አመዱ ከበዛ በመብራት ሒሳብህ ዝቃጭ ነው የምታቀልጠው።

ብየዳ ቤት፦
ገባኝ፣ ሰብስቴሽኑ ጋ እጠይቃለሁ። እኛ ሰፈር መብራት መሄዱ የተለመደ ስለሆነ፣ የምድጃውን ማቀዝቀዣ ውሃ ፓምፕ ብቻ የሚይዝ ጀነሬተር ስንት ኪሎዋት ይበቃል?