ኒው ሜክሲኮ (አሜሪካ) ስቴት ለመሆን ለምን ያን ያህል ዘገየች? ታሪኳን የሚያውቅ?

የአቶቴ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ከሀዋሳ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ዲቪ ደርሶት ኒው ሜክሲኮ ውስጥ አልበከርኪ የምትባል ከተማ ገብቷል። የሚልክልን ፎቶ ላይ ቤቱ የጭቃ፣ የመንገዱ ስም ሁሉ ስፓኒሽ፣ እናቴ "ልጄ እውነት አሜሪካ ነው ያለኸው?" እያለች ትጠይቀዋለች። ጎግል ሳደርግ ዋና ከተማዋ ሳንታ ፌ በ1610 አካባቢ ተቆረቆረች ይላል፣ ኒው ሜክሲኮ ስቴት የሆነችው ግን በ1912። በመሀል ምን ተፈጠረ? ከዛ በፊትስ ማን ነበር የሚኖረው?

ታሪክ ወዳድ አዳማ፦
ወንድሜ የፎቶው ቤት የስፔኖች ብቻ እንዳይመስልህ፣ ባለቤቶቹ ፑዌብሎ የሚባሉት ሕዝቦች ናቸው፣ ስፔን ሳይመጣ በፊት በጭቃና በድንጋይ ፎቅ ይሠሩ ነበር። ቻኮ የሚባል ሸለቆ ውስጥ ከ850 እስከ 1150 ገደማ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የተሠራ ከ600 በላይ ክፍል ያለው ሕንፃ አለ፣ የጣሪያውን ግንድ ከሩቅ ተራራ በሰው ጉልበት ነው ያመጡት፣ ፈረስ የለ ጋሪ የለ። ከነሱም በፊት ክሎቪስ ከተማ አጠገብ ከማሞዝ አጥንት ጋር የድንጋይ ጦር ጫፍ ተገኝቷል፣ 13 ሺህ ዓመት ገደማ የሆነው።

ስፔኖች በ1598 በኦኛቴ መሪነት መጥተው ሰፈሩ። በዓመቱ አኮማ የምትባለው አምባ ላይ ያለችው መንደር አልገዛም ብላ ስትዋጋ ደመሰሷት፣ ከ25 ዓመት በላይ የሆኑ ወንዶች አንድ እግራቸው እንዲቆረጥ ፈረዱባቸው። ይሄን ሳነብ በጣም ነው ያመመኝ።

ግን ሕዝቡ ዝም አላለም። በ1680 ፖፔ የሚባል ሰው፣ ቀድሞ በሃይማኖቱ ምክንያት ታስሮ የተገረፈ፣ ቋንቋቸው እርስ በርስ የማይግባባ መንደሮችን አስተባበረ። እንዴት መሰላችሁ፣ ቋጠሮ ያለው ገመድ በሯጮች ለየመንደሩ ላከ፣ በየቀኑ አንድ ቋጠሮ ይፈታል፣ የመጨረሻው ሲያልቅ ሁሉም በአንድ ቀን ይነሳል። ሁለቱ ሯጮች ሲያዙ ቀኑን አፍጥነው ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ተነሱ፣ ሳንታ ፌን ከበው ውሃውን ቆረጡባት፣ 400 ገደማ ስፔናዊ ሞቶ የተረፈው ወደ ኤል ፓሶ ሸሸ። 12 ዓመት ነፃ ቆዩ፣ በ1692 ስፔን ተመለሰ። አመፁ በ1680 ሲነሳ እኛ ጋ ጎንደር ላይ አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ነበሩ።

ሐይቅ ዳር፦
ታሪክ ወዳድ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ልጨምር፣ ከኦኛቴ በፊት በ1539 ዙኒ የሚባሉት የፑዌብሎ ሕዝቦች አገር የደረሰው ኤስቴባኒኮ የሚባል ከሞሮኮ በባርነት የተወሰደ አፍሪካዊ ነው፣ እዛው ነው የተገደለው። የኛ አህጉር ልጅ ስለሆነ እንዳይረሳ ብዬ ነው።

የመዘግየቱ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው። በ1821 ሜክሲኮ ከስፔን ነፃ ስትወጣ ቦታው የሜክሲኮ ሆነ፣ በ1846 የአሜሪካ ጦር ገባ፣ በ1848 በጓዳሉፔ ሂዳልጎ ውል ለአሜሪካ ሄደ፣ በ1850 ቴሪቶሪ (ገና ስቴት ያልሆነ የአሜሪካ ግዛት) ተባለ። ከዛ 62 ዓመት ጠበቀ! ኮንግረሱ ሰዉ ስፓኒሽ ተናጋሪና ካቶሊክ ነው እያለ አላምን አለ። በ1906 ከአሪዞና ጋር አንድ ስቴት ሁኑ ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ ኒው ሜክሲኮ እሺ ስትል አሪዞና እምቢ አለች። በመጨረሻ ፕሬዚዳንት ታፍት ጃንዋሪ 6፣ 1912 ፈረመ፣ በኛ ታኅሣሥ 27 ቀን 1904፣ 47ኛዋ ስቴት ሆነች። ሕገ መንግሥቷም የስፓኒሽ ተናጋሪዎችን የመምረጥ መብት ይጠብቃል፣ የወንድምህ ሰፈር ስም ለዛ ነው እስካሁን ያልጠፋው ብዬ አምናለሁ።

የአቶቴ ልጅ፦
ኧረ ተባረኩ! ለእናቴ አነብላታለሁ። ግን ፑዌብሎዎቹ ስቴት ሲሆን መብታቸው ተመለሰ?

ታሪክ ወዳድ አዳማ፦
አልተመለሰም፣ በስቴቱ ምርጫ መምረጥ የቻሉት በ1948 በፍርድ ቤት ነው፣ ሚጌል ትሩሂዮ የሚባል ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የዘመተ የፑዌብሎ አስተማሪ ከስሶ አሸነፈ። ወንድምህ ጊዜ ካገኘ አኮማና ታኦስ ይሂድ፣ ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል፣ ፎቶ ከማንሳቱ በፊት ግን ያስፈቅድ።