የአክተር አድራሻ ቁጥር ይሁን ወይስ ሴንደር?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በራስት የፕሮግራም ቋንቋ ትንሽ የአክተር (መልእክት እየተላላኩ ለየብቻ የሚሠሩ የፕሮግራም ክፍሎች) ላይብረሪ እየጻፍኩ ነው፤ ከሥሩ ቶኪዮ የሚባለው የራስት ላይብረሪ አለ። እስካሁን አድራሻ የማደርገው የቻናሉን ሴንደር (የመላኪያ ጫፍ) ቅጂ ነው። ለመላክ ይመቻል፤ ግን ሁለት አክተሮች አንዱ የሌላውን አድራሻ ከያዙ ሁለቱም አይቆሙም። ሴንደሮቹ በሙሉ ካልጠፉ ቻናሉ አይዘጋማ! ተራ የዩ64 (64 ቢት) ቁጥር ሰጥቼ ሰንጠረዥ ላይ ልፈልገው? ወደፊት በሁለት ማሽን ላይ ማስኬድም አስባለሁ።

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ ቁጥር አድርገው፤ ግን ቁጥሩን ብቻውን አትተወው። ሰንጠረዡ 7ኛ ረድፍ ላይ የነበረው አክተር ሞቶ ሌላ ቢተካበት፣ የድሮውን አድራሻ የያዘ ሁሉ ለማያውቀው አክተር መልእክት ይልካል። ኮዱም ምንም ስህተት አያሳይህም፤ እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ስለዚህ 64ቱን ቢት ክፈለው፦ 32 ለረድፉ፣ 32 ለትውልዱ። አክተሩ በሞተ ቁጥር የረድፉን ትውልድ በ1 ጨምር፤ ሲላክ ትውልዱ ካልገጠመ ላኪው ተቀባዩ እንደሌለ ይወቅ። አካ የሚባለው የአክተር ላይብረሪም ይህን አስቦበታል፤ አክተር ቆሞ በዚያው ስም ሌላ ቢፈጠር፣ መንገዱ አንድ ሆኖ ሳለ የውስጥ መለያው ስለሚለያይ የድሮው አክተርሬፍ (የአካ የአክተር አድራሻ) ለአዲሱ አያደርስም።

መልስ 2፦
በእያንዳንዱ መልእክት ሰንጠረዥ መፈለግ ፍጥነት ይበላል። ቶኪዮ ውስጥ ዊክሴንደር (ቻናሉን ክፍት አድርጎ የማያቆይ ሴንደር) አለ፤ አድራሻው እሱን ይያዝ፣ ዋናውን ሴንደር ተቆጣጣሪው አክተር ብቻ ይያዝ። ዙሪያ ጥምጥሙ ይፈታል።

ጠያቂ፦
ዊክሴንደር እኮ በኔትወርክ አይሻገርም?

መልስ 1፦
አይሻገርም። ዊክሴንደሩን እዚያው ማሽን ላይ ለማፋጠን ተጠቀምበት፤ ማንነቱ ግን ቁጥሩ ይሁን። ለሁለተኛው ማሽን ኧርላንግ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ተመልከት። እዚያ ፒድ (የፕሮሰስ መለያ) ሲታተም <0.85.0> ዓይነት ነው፤ የመጀመሪያው 0 "እዚሁ ኖድ (እየሠራ ያለ አንድ የኧርላንግ ሲስተም) ላይ" ማለት ነው። ያው ፒድ ሌላ ኖድ ላይ ሲታተም የፊተኛው ቁጥር ይለወጣል፤ የታተመውን ጽሑፍ ዳታቤዝ ውስጥ ማስቀመጥ አደጋ የሚሆነው ለዚህ ነው። በኔትወርኩ የሚሄደው የኖዱ ስምና "ክሪኤሽን" የሚባል ቁጥር ጭምር ነው፤ ኖዱ ወድቆ ቢነሣ የበፊቱ ፒድ ከአዲሱ ጋር እንዳይምታታ። አንተም ሁለቱን ጨምር።

ደግሞ የአድራሻውን ፊልዶች ፐብ (ለውጭ ክፍት) አታድርጋቸው፤ አለበለዚያ ተጠቃሚው ራሱ አድራሻ እየሠራ ይልክልሃል። ሃሽና ኢኪው (ሃሽ ለማውጣትና እኩልነትን ለማነጻጸር የሚያስችሉትን) ግን ስጠው፣ አድራሻን የሃሽማፕ ቁልፍ ማድረጋቸው አይቀርም።