ለፋብሪካ ሠራተኞች አማርኛ ሳስተምር ሰዋስውን ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ መቅደስ ዘገላን
ሰላም ለሁላችሁ። ገላን ውስጥ ቅዳሜና እሁድ ለፋብሪካ ሠራተኞች አማርኛ አስተምራለሁ። አብዛኞቹ ከአርሲና ከባሌ የመጡ፣ አፋቸውን በአፋን ኦሮሞ የፈቱ ወጣቶች ናቸው። በቁቤ ያነባሉ፣ ይጽፋሉ፤ የአማርኛውንም ፊደል እያገባደዱ ነው። የተሰጠኝ ማስተማሪያ ግን ስም፣ ተውላጠ ስም፣ ግስ፣ ቅጽል እያለ ነው የሚጀምረው። «ሄድኩ፣ ሄድክ፣ ሄድሽ» የሚለውን እንደ ዳዊት ይደግሙልኛል፤ ሱቅ ሄዶ ሳሙና መጠየቅ ሲመጣ ዝም። ደግሞ «ቶላን ቤት ገዛ» የምትለዋ ስህተት አልለቅ ብላኛለች። ቅደም ተከተሉን እንዴት ላድርገው?

መልስ፦ ጡረተኛው መምህር
ልጄ፣ የንግግር ክፍሎቹን ለጊዜው ተያቸው፤ እነሱ ቋንቋውን ለሚያውቅ ሰው ናቸው። በትእዛዝ ጀምሪ። ሥራ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚሰሙት እሱን ነው፣ ቃሉም አጭር ነው። ቀጥሎ «አለ፣ የለም»፣ ከዚያ «አለኝ፣ የለኝም»። ሳሙናሽም እዚሁ ትገኛለች፤ «ሳሙና አለ?» ለማለት ግስ ማርባት አያስፈልግም።

ከዚያ ኃላፊ ጊዜ። ብዙ መምህር የአሁኑን ያስቀድማል፤ እኔ አልስማማም። «ሄድኩ» ላይ የሚለዋወጠው መጨረሻው ብቻ ነው። «ትሄጃለሽ» ግን ፊቱም ኋላውም ይለዋወጣል፣ በዚያ ላይ «አለ» ተደርቦበታል። አሉታው ደግሞ ይብሳል። «እሄዳለሁ»ን የለመደ ተማሪ «አልሄዳለሁም» ቢል አይፈረድበትም፤ «አለሁ» በአሉታው ውስጥ እንደሚወድቅ ማን ነገረው? «ሄድኩ፣ አልሄድኩም» አፋቸው ላይ ሲረጋ ወደ «እሄዳለሁ፣ አልሄድም» እለፊ።

መልስ፦ የሮቤው
እኔም አማርኛ የለመድኩት ሰበታ ሥራ ከገባሁ በኋላ ነው። «ቶላን» ከስንፍና የመጣ አይደለም። በአፋን ኦሮሞ «ቶላን መነ ቢቴ» ስንል «ን» የምትገባው ገዢው ላይ ነው፤ ቤቱ ባዶውን ይቀራል። በአማርኛ ተገላቢጦሽ ነው። ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ጻፊላቸው፣ ራሳቸው ያዩታል። ግን «ን»ን ለማስተማር አትቸኩዪ። መጀመሪያ «ዳቦ ገዛሁ» ይበሉ፤ እሱ ላይ ምንም አይጨመርም። «ዳቦው» ማለትን ሲለምዱ «ዳቦውን» ትመጣለች።

መልስ፦ ጽጌ ከቱሉ ዲምቱ
በትእዛዝ መጀመሩ ላይ ከጋሼ ጋር ነኝ፤ የወንዱን ብቻ ይዘሽ ግን እንዳትዘልቂ፣ ይደርቅባቸዋል። በአፋን ኦሮሞ «ኮቱ» ለወንድም ለሴትም ይሆናል፤ እኛ ጋ ሴት አለቃ «ና» ስትባል ትቆጣለች። ከመጀመሪያው ቀን ጥንድ ጥንዱን ስጪ። ፊደሉ ብዙም የማይለወጠው ይቅደም፤ «ጥረግ፣ ጥረጊ»፣ «ጠብቅ፣ ጠብቂ»። የሚለወጠው ይከተል፤ «ክፈት፣ ክፈቺ»፣ «ውሰድ፣ ውሰጂ»፣ «ያዝ፣ ያዢ»። «ስጠኝ፣ ስጪኝ» ግን ሳይተነተን፣ እንዳለ በቃል ይያዝ። የ«ኝ»ን ነገር ሌላ ጊዜ ትደርሺበታለሽ።

መቅደስ ዘገላን
እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼም ሁላችሁም። እርማቱስ? በተሳሳቱ ቁጥር ላስቁማቸው?

መልስ፦ ያሬድ
ኧረ በፍጹም! አፋቸውን ትዘጊዋለሽ። ማንፍሬድ ፒነማን የሚባል ጀርመናዊ የቋንቋ ምሁር በ1984 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት አለ። ጀርመንኛ የሚማሩ የጣሊያን ልጆች አንድ ከበድ ያለ የዓረፍተ ነገር አሠራር ተማሩ፤ የያዙት አንድ እርምጃ ብቻ የቀራቸው ነበሩ። ገና ከታች ያሉት ቢማሩም አልያዙትም። ስለዚህ የሳምንቱን ትምህርት ብቻ አርሚ። ሳምንቱ የ«አለኝ፣ የለኝም» ከሆነ «ቶላን» ትለፍ። ሲሳሳቱም «ስህተት ነው» ከማለት አንቺ ትክክሉን መልሰሽ ጠይቂ። «አልሄዳለሁም» ካለሽ፣ «አትሄድም? ለምን?» በይው።

መልስ፦ የሮቤው
አንድ ረስቼ ነው። ለትልቅ ሰው «ኢሲን» ስለምንል፣ እሱም ለብዙ ሰው የምንለው ስለሆነ፣ ተማሪዎችሽ ለሽማግሌም «እናንተ ኑ» ማለታቸው አይቀርም። «ይምጡ፣ ይቀመጡ»ን ከ«ና፣ ነይ፣ ኑ» ጋር አብረሽ አስገቢ፤ ለኋላ አታቆዪው።