ዮጋ ለጭንቀትና ሚዛን ለመጠበቅ እውነት ይረዳል? የምታውቁ ንገሩኝ

የማታ_ፈረቃ፦

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው ሜሪላንድ ነው፣ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ማታ ማታ እሠራለሁ። ጠዋት ቤት ስገባ ሰውነቴ ዝሏል፣ ሐሳቤ ግን አይተኛም። ጋደም ስል ልቤ ይመታል፤ ያልተከፈለ ቢል፣ አገር ቤት ያሉ ሰዎች፣ የነገው ሥራ፣ ሁሉም በአንዴ ይመጣብኛል። ተመርምሬ ደሜም ልቤም ደህና ነው ተብያለሁ። ሐኪሟ "ጭንቀት ነው፣ ዮጋ ብትጀምሪ ጥሩ ነው" አለችኝ።

ሌላው የእማዬ ጉዳይ ነው። 68 ዓመቷ ነው፣ አብራኝ ነው የምትኖረው። በክረምቱ በረዶ አንሸራቷት ወደቀች። እግዚአብሔር ይመስገን ስብራት የለም፣ ግን ከዚያ ወዲህ እግሯን አታምነውም። ደረጃ ስትወርድ መደገፊያውን በሁለት እጇ ነው የምትይዘው። ቆማ ማስቀደስ የምትወድ ሴት አሁን ግድግዳ ካላገኘች አትቆምም። እውነቱን ለመናገር ከራሴ እንቅልፍ በላይ ይሄ ያሳስበኛል።

እና ዮጋ እንዲህ ላለው ነገር ይረዳል ወይስ ኢንስታግራም ላይ እንደ ላስቲክ ለሚተጣጠፉት ወጣቶች ብቻ ነው? በሳምንት ስንቴ መሥራት አለብን? ደግሞ እማዬ "የባዕድ አምልኮ ነው" ብላ ፈርታለች፣ እኔም በዚህ በኩል ልቤ አልሞላም።

ፊዚዮ_አዲስ፦

ሰላም እህቴ። አዲስ አበባ የምሠራ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ከእናትሽ ልጀምር፣ የእሳቸው ጉዳይ ይቀድማል።

ሚዛናችንን የምንጠብቀው በሦስት ነገር ነው። ዓይን ዙሪያውን ያያል። የውስጥ ጆሮ ጭንቅላታችን ወዴት እንዳዘነበለ ይናገራል። ከእግር መዳፍ፣ ከቁርጭምጭሚትና ከጉልበት የሚነሱ ነርቮች ደግሞ መሬቱን እንዴት እንደረገጥን ለአንጎል ያሳውቃሉ። አንጎል ሦስቱን አገናኝቶ ጡንቻዎችን ያዛል፣ ያውም እኛ ከማሰባችን በፊት። ዕድሜ ሲገፋ ሦስቱም ይደክማሉ፣ የእግር ጡንቻም ይሳሳል። ደስ የሚለው ነገር ይሄ በልምምድ ይሻሻላል፣ ሰባ ያለፉ ሰዎች ላይም ጭምር።

ከውድቀት በኋላ ብዙዎችን የሚጎዳው ፍርሃቱ ነው። የፈራ ሰው መቀመጥ ያበዛል፣ ሲቀመጥ እግሩ ይደክማል፣ የደከመ እግር ደግሞ መልሶ ይጥላል። ዮጋ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ዝግ ብሎ፣ ተደግፎ፣ ክብደትን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ማዛወርን ያለማምዳል፣ ሰውየውም ሳይወድቅ መንገዳገድን ይለምዳል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ የብራዚል ጥናት ከ51 እስከ 75 ዓመት የሆናቸውን ሰዎች በአንድ እግር 10 ሰከንድ እንዲቆሙ ጠይቆ ከአምስቱ አንዱ ገደማ አልቻለም ነበር። ስለዚህ እናትሽ ብቻቸውን አይደሉም።

መጀመሪያ ግን ሐኪም ይያቸው። የደም ግፊት መድኃኒት፣ የእንቅልፍ መድኃኒት፣ የዓይን ድካም፣ እነዚህ ሁሉ ሰው ሊጥሉ ይችላሉ፣ እነሱን ደግሞ ዮጋ አያስተካክልም። ከዚያ በኋላ ኩሽና ውስጥ መደርደሪያውን ይዘው፣ ከኋላቸው ጠንካራ ወንበር አድርገሽላቸው ይጀምሩ። ታዳሳና የሚባለው አቋም ቀጥ ብሎ መቆም ብቻ ይመስላል፤ ሥራው ግን ጣቶችን ዘርግቶ ተረከዝና የፊት እግር ላይ እኩል ማረፍ ነው። ሲለምዱት ወደ ዛፍ አቋም ይሄዳሉ፣ በአንድ እግር መቆም ማለት ነው። ለእሳቸው የሌላኛውን እግር ተረከዝ ቁርጭምጭሚት ላይ አስደግፈው ጣቶቹን መሬት ላይ ቢተዉ ይበቃል። እግር ጉልበት ላይ አይደገፍም። ዓይናቸውን ፊት ለፊት አንድ ነገር ላይ ይትከሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች ሚዛንና ጉልበት የሚያዳብር እንቅስቃሴ በሳምንት 3 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይመክራል፣ በዚያው ሂዱ።

ግላኮማ የሚባለው የዓይን ሕመም ካለባቸው ጭንቅላት ወደታች የሚሆንበትን ሁሉ ይተዉ፣ የዓይን ግፊት ይጨምራል። አጥንታቸው ከሳሳ ጀርባ አጎንብሰው በኃይል መታጠፍ የለባቸውም። የደም ግፊት ካለባቸው ደግሞ ትንፋሽ አይያዝ።

ቀስ_በቀስ፦

ለአንቺ ልመልስልሽ፣ ስለ ጭንቀቱ። ዮጋ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል፣ ጭንቀት ለያዘው ሰው ሁሉ ከልቤ የምመክረው ነገር ነው። ሰው ስለ ሰውነት መለጠጥ ብዙ ያወራል፣ ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ትንፋሹ ነው። ስንጨነቅ ትንፋሻችን አጭር ይሆናል፣ ደረት ላይ ብቻ ይቀራል፣ ሰውነትም አደጋ እንዳለ ይቆጥረዋል። አየር ስናወጣ ከማስገባታችን ረዘም ካደረግነው ቬገስ የሚባለው ነርቭ የልብን ምት ዝግ ያደርጋል። ሰውነትሽ ልክ እንደዚያ ነው የተሠራው፣ ስለዚህ ሐሳብሽን "ተረጋጋ" ብለሽ ከመለመን በትንፋሽ በኩል መግባት ይቀላል።

ከሥራ ስትገቢ ከባድ ነገር አትሥሪ። መጋረጃውን ዝጊ፣ ስልኩን ሌላ ክፍል ተዪው፣ ጀርባሽን መሬት ላይ አድርገሽ እግሮችሽን ግድግዳ ላይ ስቀያቸው። ለ4 ቁጥር አስገቢ፣ ለ6 ቁጥር አውጪ። ቁጥሩ ካስጨነቀሽ አሳጥሪው። ሐሳብ ይመጣል፣ ያልተከፈለው ቢልም ይመጣል፣ አትከራከሪው፣ ወደ ትንፋሹ ተመለሺ። ይቺ መመለስ ናት ልምምዱ። በአንድ እግር ስትቆሚም እንደዚያው ነው፣ ሐሳብሽ ከሄደ እግርሽ ወዲያው ይነግርሻል፣ እኔ በበኩሌ ዮጋ ላይ የምወደው ይሄንን ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ኖሬ ለጥቂት ደቂቃ ወደ ሰውነቴ እመለሳለሁ።

እና በየቀኑ 10 ደቂቃ በሳምንት አንዴ ከሚሠራ ረጅም ክላስ ይሻላል። የምር።

ቅኔ_ማኅሌት፦

ስለ እምነቱ ጥያቄ ልናገር፣ ሰዎች አድበስብሰው ሲያልፉት ስለማይ። ዮጋ ከህንድ ነው የመጣው፣ ሥሩም መንፈሳዊ ነው፣ "ስፖርት ብቻ ነው" ማለት ትክክል አይደለም። በሌላ በኩል ዛሬ ጂም ውስጥ የሚሠራው የአቋም ልምምድ ብዙው መልኩን ያገኘው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ በተለይ ማይሶር ከተማ ክሪሽናማቻርያ የሚባል መምህር ካስተማራቸው ሰዎች። ከተማሪዎቹ አንዱ የነበረው አይንጋር ወንበር፣ ገመድና ብሎክ (ጡብ የሚመስል መደገፊያ) እየተጠቀመ ታማሚና አረጋዊም እንዲሠራው አድርጓል። የተባበሩት መንግሥታትም እ.ኤ.አ. በ2014 ጁን 21ን የዮጋ ቀን ብሎታል።

ስለዚህ ክላስ ከመግባትሽ በፊት አስተማሪዋን ጠይቂ፦ ዜማ ወይም ማንትራ (እየተደጋገመ የሚባል መንፈሳዊ ቃል) አለ? የሌለበትም ሞልቷል። እናትሽን ግን አታስገድጂ። ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገሩ፣ ልባቸው እየፈራ ቢሠሩት ምን ሰላም ያገኛሉ?

ፊዚዮ_አዲስ፦

ቅኔ ትክክል ነህ። እናትሽ እምቢ ካሉ ኦታጎ የሚባል ፕሮግራም አለ፣ ኒውዚላንድ ውስጥ አረጋውያን እንዳይወድቁ ተብሎ የተዘጋጀ ነው። የእግር ጉልበትና ሚዛን ብቻ ነው፣ ቤት ውስጥ ይሠራል። እናንተ ጋ አሜሪካ ያሉ ፊዚካል ቴራፒስቶች ያውቁታል፣ ሐኪማቸውን ሪፈር ጠይቂ።

ዝናብ_በኋላ፦

እኔ ድብርት ታምሜ መድኃኒት የምወስድ ሰው ነኝ። ዮጋ ረድቶኛል፣ ጠዋት ከአልጋ ለመነሳት ምክንያት ሆኖኛል። ግን እባካችሁ ማንም ሰው "ዮጋ ጀመርኩ" ብሎ መድኃኒቱን በራሱ እንዳያቋርጥ። አብሮ ነው የሚሄደው። ጭንቀቱ ሥራ ካስቀረሽ፣ ወይ መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣብሽ፣ በዚያው ቀን ለባለሙያ ንገሪ። አሜሪካ ውስጥ 988 ደውለሽ ሰው ታገኛለሽ፣ ቀንም ማታም።

ሌላ ነገር፣ ዓይን ጨፍኖ ዝም ማለት አንዳንድ ሰው ላይ ጭንቀት ይጨምራል፣ በተለይ ክፉ ነገር ያየ ሰው ላይ። እንደዚያ ከሆነ ዓይንሽን ገልጠሽ ሥሪ፣ ምንም አይጎድልብሽም።

የማታ_ፈረቃ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ለእማዬ የሐኪም ቀጠሮ አስይዛለሁ፣ ኦታጎውንም እጠይቃለሁ። ትንፋሹን ነገ ጠዋት ከሥራ ስገባ እጀምራለሁ። አንድ ነገር ብቻ፣ እማዬ ካልሲ አድርጋ ነው ቤት ውስጥ የምትንቀሳቀሰው፣ ብርድ ነው ትላለች። በካልሲ ትሥራ?

ፊዚዮ_አዲስ፦

በካልሲ በፍጹም፣ ያንሸራትታል። ባዶ እግር ይሻላል፣ እግር መሬቱን እንዲሰማው። ከበረዳቸው ከታች ጎማ ያለው የማያንሸራትት ካልሲ ግዢላቸው። ኩሽናው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ትንሽ ምንጣፍ ካለ ዛሬውኑ አንሺው።