የሪሴት መስመሮችን በዲቫይስ ትሪ ስኪማ ውስጥ እንዴት ልግለጻቸው?

ፒን_ሰባት

ጤና ይስጥልኝ። ለሊኑክስ ከርነል፣ ለአንድ የዩኤስቢ ሆስት ኮንትሮለር የያምል ስኪማ (ሃርድዌሩን ለከርነሉ የሚገልጸው ዲቫይስ ትሪ ምን መያዝ እንዳለበት የሚደነግግ ፋይል) እየጻፍኩ ነው። የመጀመሪያው ቺፕ «ኮር» እና «ባስ» የሚባሉ 2 የሪሴት መስመሮች (ሃርድዌሩን ወደ መነሻ ሁኔታው የሚመልሱ ሲግናሎች) አሉት። አዲሱ ቺፕ «ፊ» የሚባል ሦስተኛ ጨምሯል። በ«ሪሴትስ» ሥር «ማክስአይተምስ: 3» ብቻ ብጽፍ «ዲቲቢኤስ_ቼክ» (የቦርድ ፋይሎችን በስኪማው የሚፈትሸው ትእዛዝ) የቀድሞዎቹን ቦርዶች «አጭር ነው» ብሎ ይጥላቸዋል። ቦርዱ ላይ ደግሞ የሪሴት ፒኑ ከጂፒአይኦ (በሶፍትዌር ከሚታዘዝ ፒን) የተያያዘ የዩኤስቢ ሃብ አለ። ፒኑ ወደ 0 ቮልት ሲወርድ ነው ሃቡ ሪሴት የሚሆነው። ይህንንም «ሪሴት-ጂፒአይኦስ» ብዬ ኮንትሮለሩ ኖድ (በዲቫይስ ትሪው ውስጥ ያለው የመሣሪያው ክፍል) ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ትክክል ነው? መስመሮቹ በዲቫይስ ትሪው የሚጠሩባቸው የሪሴት ቁጥሮችስ የሬጅስተሩን የቢት ቦታ ይከተሉ ወይስ ከ0 ጀምረው በተርታ ይሂዱ?

ኖድ_ፈቺ

«ማክስአይተምስ» ብቻውን ከተጻፈ መፈተሻው «ሚንአይተምስ»ንም በዚያው ቁጥር ይሞላዋል። ስለዚህ የጻፉት «እስከ 3» ሳይሆን «ልክ 3» ተብሎ ተነበበ። የስም ዝርዝሩም ላይ ያው ነው፤ ርዝመቱ ዝቅተኛው ቁጥር ይሆናል። ሁለቱንም እንዲህ ይክፈቷቸው፦

```
ሪሴትስ:
  ሚንአይተምስ: 2
  ማክስአይተምስ: 3
ሪሴት-ኔምስ:
  ሚንአይተምስ: 2
  አይተምስ:
    - ኮንስት: ኮር
    - ኮንስት: ባስ
    - ኮንስት: ፊ
```

ከዚያ ከታች በ«ኦልኦፍ» ውስጥ ያጥብቋቸው፤ ኮምፓቲብሉ (የቺፑን ስም የሚይዘው ፕሮፐርቲ) አዲሱን ቺፕ ከያዘ ለሁለቱም «ሚንአይተምስ: 3»፣ ካልያዘ «ማክስአይተምስ: 2»። ሁኔታው የሚፈትነው አዲሱን ስም ይሁን። አዲሱ ቺፕ አሮጌውን እንደ ተተኪ ስም የሚያስከትል ከሆነ «ኮንቴይንስ» በአሮጌው ስም ሲፈተን ሁለቱንም ቺፖች ይይዛል፣ አዲሱም ቦርድ በማይመለከተው ሕግ ይወድቃል።

«ፊ» መጨረሻ ላይ መግባቱ ግዴታ ነው። መሃል ላይ ከገባ በተራ ቁጥር የሚያነብ ድራይቨር የተሳሳተ መስመር ይለቃል። ስሞቹም የኮንትሮለሩን ግብዓት ይግለጹ እንጂ በሪሴት አቅራቢው (መስመሮቹን በሚቆጣጠረው ክፍል) በኩል ያለውን የሲግናል ስም አይድገሙ። ኋላ ላይ «_አርኤስቲ» መለጠፍም ትርፍ ነው፣ ፕሮፐርቲው ራሱ ሪሴት መሆኑን ይናገራል።

መጀመሪያ «ሜክ ዲቲ_ባይንዲንግ_ቼክ»ን በዚያ ፋይል ብቻ ያስኪዱ፣ ቀጥሎ «ዲቲቢኤስ_ቼክ»ን። የመጀመሪያው ስኪማውን ራሱንና በውስጡ ያለውን ምሳሌ ይፈትሻል፤ የቦርድ ፋይሎችን አይነካም።

ሰርኪዩት_32

የሃቡ ጂፒአይኦ ከኮንትሮለሩ ኖድ ይውጣ። ፒኑ የሃቡ ስለሆነ በኮንትሮለሩ ሥር ለሃቡ የራሱ ኖድ ይሠራለት፤ «ሬግ» የፖርቱን ቁጥር ይይዛል፣ «ሪሴት-ጂፒአይኦስ»ም እዚያ ይገባል። የእርስዎ ስኪማ የጋራውን የዩኤስቢ ሆስት ስኪማ በ«ሬፍ» ይጥራና በ«አንኢቫሉዌትድፕሮፐርቲስ: ፎልስ» ይዘጋ። በ«አዲሽናልፕሮፐርቲስ: ፎልስ» ከዘጉት የሃቡን ኖድ እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይጥለዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ፖላሪቲው ላይ ነው። ባንዲራው (በ«ሪሴት-ጂፒአይኦስ» ውስጥ ፖላሪቲውን የሚናገረው ዋጋ) ከጂፒአይኦው ፒን እስከ ቺፑ ፒን ያለውን መንገድ በሙሉ ይገልጻል። ሽቦው ቀጥታ ከሆነ «ጂፒአይኦ_አክቲቭ_ሎው» ይጻፉ። መሃል ላይ የሚገለብጥ ትራንዚስተር ካለ ያው ሃብ «አክቲቭ_ሃይ» ይሆናል። ድራይቨሩ ውስጥ 1 ማለት ምንጊዜም «ሪሴት ውስጥ ያዝ»፣ 0 ማለት «ልቀቅ» ነው፤ ቮልቱን ከርነሉ ራሱ ይገለብጠዋል። አንዳንዱ ቦርዱ ላይ «አክቲቭ_ሃይ» ጽፎ ድራይቨሩ ውስጥ 0ን እንደ መያዣ ይጠቀማል። ሁለት ስሕተት ተጣፍተው ይሠራል፤ ትራንዚስተር ያለበት ቦርድ ሲመጣ ግን ሃቡ ሪሴት ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ስኪማው ይህን አይይዝልዎትም፣ ለእሱ ባንዲራው ተራ ቁጥር ነው። ሰርኪዩቱን ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል።

ሪሴቱ ስንት ማይክሮሰከንድ ይያዝ የሚለው በቺፑ ዓይነት የሚወሰን ከሆነ ቦታው በድራይቨሩ ሠንጠረዥ ውስጥ ነው። ለእሱ አዲስ ፕሮፐርቲ አይፍጠሩ።

ኖድ_ፈቺ

ስለ ቁጥሮቹ፦ በአቅራቢው አሠራር ይወሰናል። ሪሴቶቹ በተለያዩ ሬጅስተሮች ከተበተኑ በሄደሩ (ቁጥሮቹ ስም በሚያገኙበት ፋይል) ውስጥ ከ0 ጀምሮ በተርታ ቁጥር ይስጡ፤ ኦፍሴቱና ቢቱ በድራይቨሩ ሠንጠረዥ ውስጥ ይቀመጡ። እነዚህ ቁጥሮች አንዴ ከወጡ አይቀየሩም፣ አዲስ ሪሴት ሲመጣ ከኋላ ይቀጠላል። በድራይቨሩ ውስጥ የሪሴቶቹን ብዛት የሚይዘውን «ኤንአር_ሪሴትስ»ንም አብረው ያሳድጉ፤ ካልሆነ አዲሱ ቁጥር በ-22 («ልክ ያልሆነ ዋጋ» በሚል ስሕተት) ይመለሳል።

ሬጅስተሮቹ ተከታታይ ሆነው እያንዳንዱ ቢት አንድ ሪሴት ከሆነ ግን ቀላሉ የሪሴት ድራይቨር ይበቃል። ቁጥሩን ለ32 ያካፍለዋል፤ ድርሻው ሬጅስተሩ፣ ቀሪው ቢቱ ነው። 37 ማለት ሁለተኛው ሬጅስተር፣ ቢት 5። ያኔ ሄደር አያስፈልግም።

ፒን_ሰባት

አመሰግናለሁ፣ ስኪማው አሁን ያልፋል። የ«ባስ» መስመር ግን ሁለት ኮንትሮለሮች የሚጋሩት ነው፤ ሁለተኛው ሲነሳ -16 («ተይዟል» የሚል ስሕተት) ይሰጣል። ይህ በስኪማው ይገለጻል?

ሰርኪዩት_32

አይገለጽም። ሁለቱም ኖዶች ያንኑ ፋንድል (ወደ ሪሴት አቅራቢው ኖድ የሚያመለክት ማጣቀሻ) እና ያንኑ ቁጥር ይጻፉ፣ ያ በቂ ነው። ችግሩ ድራይቨሩ መስመሩን በ«ኤክስክሉሲቭ» (ለብቻ) መጠየቁ ነው፤ ወደ «ሼርድ» (በጋራ) ይቀይሩት። «ሼርድ» ሲሆን ከርነሉ ይቆጥራል፤ የመጀመሪያው ሲለቅ መስመሩ ይለቀቃል፣ ተመልሶ የሚያዘው ግን ሁሉም ሲይዙ ብቻ ነው። ስለዚህ ድራይቨሩ በ«ባስ» ሪሴት ሬጅስተሮቹ ይጸዱልኛል ብሎ መደገፍ የለበትም፤ የሚፈልጋቸውን ሬጅስተሮች ሲነሳ ራሱ ይጻፋቸው። በአንድ የጋራ መስመር ላይ ደግሞ መያዝና መልቀቅን ከ«ሪሴት_ኮንትሮል_ሪሴት» (በአንድ ጥሪ ሙሉ ሪሴት ከሚያደርገው) ጋር አይቀላቅሉ፣ ከርነሉ ስሕተት ይመልሳል።