እሁድ ጠዋት ለማጠናከሪያ ወይስ ለቤተሰብ? የደሴና የኮምቦልቻ ወላጆች ክርክር

የሦስት ልጆች እናት፣ ደሴ ሆጤ

ሰላም ለዚህ ቤት። ለክርክር የማቀርበው ጉዳይ ይህ ነው። ልጆቼ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ዘንድሮ ለ8ኛ እና ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች የሚሰጠውን ማጠናከሪያ እሁድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት አድርጎታል። የቀረ ተማሪ ወላጅ ይዞ እንዲመጣ ተነግሯል። እኔ ማጠናከሪያውን አልቃወምም፤ የምቃወመው ሰዓቱን ነው። እሁድ እስከ ቀትር ድረስ ለቤተ ክርስቲያንና ለቤተሰብ ይተውልን ነው የምለው።

ወቅቱን ተመልከቱልኝ። መስከረም 21 ግሸን ማርያም ስትነግሥ ደሴ ውስጥ እንግዳ ያላሳደረ ቤት ጥቂት ነው። የእንግዳውን አንሶላ አጥበን ሳንጨርስ መስከረም 26 የጽጌ ጾም ይገባል፤ እስከ ኅዳር 5 ድረስ 40 ቀን። ትምህርት ተከፍቷል፣ እኔ ቢሮ እውላለሁ፣ ባለቤቴ ከሱቅ የሚገባው ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው። አምስታችን አንድ መሶብ ከበን የምንበላው እሁድ ከቅዳሴ መልስ ብቻ ነው።

ባለፈው እሁድ ሁለተኛዋ ልጄ ቆረበች። ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» ሳይል መውጣት እንደማይገባ ታውቃለች፤ ግን ዓይኗ ከሰዓቷ አልተነሣም። ቅዳሴው እንዳለቀ አፏን በነጠላዋ እንደሸፈነች፣ የደብተር ቦርሳዋን ከነጠላው ሥር አንግታ ባጃጅ ውስጥ ገባች። ከዋዜማው ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም። እንዲህ ሆና ገብታ ሒሳብ ምን ይገባታል?

የ12ኛ ክፍል መምህር፣ ደሴ

እህቴ፣ የእናትነት ጭንቀትዎ ይገባኛል። ግን ቁጥሩንም እንየው። በአገር አቀፍ የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ነበሩ። በ2017 ተሻሻለ ተባለ፤ እሱም 8.4 በመቶ ነው። ከመቶ ልጅ ከዘጠና በላይ እየወደቀብን ነው።

የእኛ ልጆች ላይ ደግሞ ሌላ ጉዳት አለ። በ2014 በጥቅምት 20 ገደማ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ 8ኛ ክፍል የነበረው ልጅ ዛሬ 12ኛ ነው። ያኔ ያመለጠውን እስካሁን አላካካስንለትም፤ የክፍልፋይ ስሌት የሚቸግረው የ12ኛ ክፍል ተማሪ አለኝ። ቅዳሜ ግማሹ መምህር ራሱ ተማሪ ነው፣ ብዙው ልጅም ወላጁን ሱቅ ያግዛል። የቀረው ቀን እሁድ ብቻ ነው።

የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ኮምቦልቻ

እኔ መምህሩን እደግፋለሁ። ፈረቃ ነው የምሠራው፤ አንዱን ሳምንት ሌሊት፣ አንዱን ሳምንት ቀን። እሁድ ልጄን ማየት የማልፈልግ ሆኜ አይደለም። ግን ገንዘብ ያለው ሰው አስጠኚ ቤቱ ድረስ ያስመጣል። እኔ ያ አቅም የለኝም። ትምህርት ቤቱ በነፃ የሚሰጠው ማጠናከሪያ ተቃውሞ በዝቶበት ቢቀር የሚጎዳው የኔ ልጅ ነው። ቤተ ክርስቲያን የሳምንቱን ቀን ሁሉ ክፍት ናት፤ ማታ ሠርክ ጸሎት ይደርሳል።

የሦስት ልጆች እናት፣ ደሴ ሆጤ

ወንድሜ፣ ይቅር አላልኩም። ይዛወር ነው ያልኩት። ቅዳሜ ጠዋት ወይም እሁድ ከሰዓት ይሁን።

መምህር፣ ጦርነቱን ስላነሡ አንድ ነገር ልበል። ያን ጥቅምት እኛም ልጆች ይዘን ወደ ደብረ ብርሃን ተሰደናል። ጽጌ ነበር። እመቤታችን ልጇን አዝላ ወደ ግብፅ የተሰደደችበትን የምናስብበት ጾም ላይ ልጆቼ ስደትን በገዛ እግራቸው አወቁት። ታናሹ ሌሊት ሲባንን «እሷም እንዲህ ደክሟት ነበር?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር። ከተመለስን በኋላ ያረጋጋቸው እሁድ ጠዋት አብረን ቆመን ማስቀደሳችን፣ አብረን ቁርስ መቁረሳችን ነው። ይህን ለማጠናከሪያ ለውጡት ሲሉኝ እሺ የምልበት አንጀት የለኝም።

አያት፣ ሰኞ ገበያ

እኔስ የማዝነው በጾሙ ነው ልጆቼ። በጥቅምት አንድ አጥንት ይባል የለም? የጦሳ ብርድ እንዲህ እያንዘረዘረ፣ ልጅን ሽሮ አብልቶ ሌሊት ማኅሌት ማስቆም፣ ጠዋት ደግሞ ትምህርት። ይህ ሁሉ ለአንድ ልጅ በዛ። እኔ ለልጅ ልጆቼ እንቁላል እቀቅላለሁ፤ ኃጢአቱ በኔ ይሁን።

የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ፣ ደሴ

እማማ፣ እርስዎ ላይ ኃጢአት የሚጭን የለም። ጾመ ጽጌ ከሰባቱ የአዋጅ አጽዋማት አይደለም፤ የፈቃድ ጾም ነው። መጾም የፈለገ ይጾማል፣ ልጅን ግን ማስገደድ አይገባም። ወላጆች ይህን ለይተው ቢነግሯቸው ብዙ ጭቅጭቅ ይቀር ነበር።

የእሁዱ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። የሕፃናትና የወጣቶች ትምህርታችን ከቅዳሴ በኋላ ነው። ማጠናከሪያው ከመጣ ወዲህ የ8ኛ ክፍሎቹ ወንበር ባዶ ነው። አሥራ አራት ዓመቱ ላይ ከጉባኤ የራቀ ልጅ ፈተናው ሲያልፍ ይመለሳል ብላችሁ አትጠብቁ። እኔ ሲመለስ ብዙም አላየሁም።

ሁለት ልጆቿ በመዘምራን የሚያገለግሉ እናት፣ ኮምቦልቻ

እኛ የወንጌላውያን አማኞች ነን፤ አምልኳችን እሁድ 3 ሰዓት ይጀምራል። ችግሩ አንድ ነው። ፊርማ ከተሰበሰበ እኔም አለሁበት።

ሙስሊም ጎረቤት፣ ሆጤ

እህቴ አብሽሪ፣ እኔም ካንቺ ጋር ነኝ። ግን «ቅዳሜ ጠዋት» ያልሽውን ተይው። የኛ ልጆች ቅዳሜ ጠዋት ቁርኣን ቤት ናቸው። ያንቺን ልጅ ከቅዳሴ አድነን የኔን ከቁርኣን ብንነጥል ወላሂ ፍትሕ አይደለም። እሁድ ከሰዓት ከሆነ ሁላችንንም ያስማማል።

ጾሙ በዛ ላሉት እናታችን ደግሞ ልንገርዎት፤ ለኛ ሰፈር ልጆች ጽጌ መልካም ጊዜ ነው። በሥጋ ጊዜ የኛው ለኛ፣ የእናንተው ለእናንተ ነው። ሽሮና ምስር ሲሆን ግን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የቀረባቸው ቤት ገብተው ካንድ ትሪ ይበላሉ። እህቴ፣ ያንቺ ትንሹ ባለፈው ሳምንት እኛ ቤት በልቶ ነው የመጣው፤ ምሳውን እንቢ ቢልሽ አትቆጪው።

የሦስት ልጆች እናት፣ ደሴ ሆጤ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጎረቤቴ። የቁርኣኑን ነገር ማንሣትሽ ልክ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋትን ከሐሳቤ አውጥቻለሁ።

የ12ኛ ክፍል ተማሪ

እኛን የጠየቀን የለም። እሁድ ከሰዓት ለኔም ይሻለኛል። ግን እውነቱን ልናገር፤ ቅዳሜ ሌሊት ማኅሌት ካደርኩ ጠዋት ቢሆን ከሰዓት ቢሆን እንቅልፍ ይጥለኛል። ሰዓቱ ተዛወረ ማለት የኔ ችግር ሙሉ በሙሉ ተፈታ ማለት አይደለም።

የሦስት ልጆች እናት፣ ደሴ ሆጤ

ልጄ፣ ይሄ የትምህርት ቤት ሥራ አይደለም፤ ከእናትና አባትህ ጋር ተቀምጠህ የምትቆርጠው ነው። በጽጌ ካሉት ቅዳሜዎች አንዱን ወይም ሁለቱን መርጠህ ብታድር፣ የቀረውን ተኝተህ አድረህ ብታስቀድስ ማንም አይወቅስህም። እኔ ለትልቁ ልጄ ያልኩት ይህንኑ ነው። የንስሐ አባታችንም ተስማምተዋል።

የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ኮምቦልቻ

ከሰዓት መሆኑ እኔንም አይጎዳኝም። በነፃ መሰጠቱ ይቀጥል እንጂ። ደብዳቤው ላይ ይህ በግልጽ ካልተጻፈ ግን አልፈርምም።

የ12ኛ ክፍል መምህር፣ ደሴ

እኔም የአራት ዓመት ልጅ አለኝ፤ እሁድ ጠዋት ተኝታ ትቻት ነው የምወጣው። ስለዚህ ጠላታችሁ አታድርጉኝ። ከሰዓት ሲሆን የሚያሳስበኝ ልጆቹ ምሳ በልተው ሲመጡ መፍዘዛቸው፣ ከሩቅ የሚመጡት ደግሞ ሳይመሽ ቤታቸው መግባታቸው ነው። ከ7 ሰዓት ተኩል እስከ 10 ሰዓት ተኩል ከሆነ ያስኬዳል። አንድ ሰዓት ይጎድላል፤ እሱን ረቡዕ ከትምህርት በኋላ እናሟላለን።

የሦስት ልጆች እናት፣ ደሴ ሆጤ

እንግዲያው ለወላጅና መምህራን ኮሚቴ የሚገባው ደብዳቤ ይህን ይበል። ማጠናከሪያው በነፃ ይቀጥል፤ እሁድ ከ7 ሰዓት ተኩል እስከ 10 ሰዓት ተኩል ይሁን፤ የጎደለው ሰዓት ረቡዕ ይሟላ፤ እስኪዛወር ድረስም በቅዳሴ ወይም በአምልኮ ምክንያት የቀረ ልጅ ወላጅ አምጣ አይባል። ነገ ከሥራ ስወጣ ጽፌ እጨርሳለሁ። የሆጤውን ፊርማ ከጎረቤቴ ጋር ቤት ለቤት እንዞራለን፤ የኮምቦልቻውን እናንተ ለየትምህርት ቤታችሁ አዘጋጁ።

የ12ኛ ክፍል መምህር፣ ደሴ

ሒሳቡን እኔ በአዲሱ ሰዓት እወስዳለሁ። የፊዚክሱ መምህር ግን እሁድ ከሰዓት ሌላ ቦታ ያስተምራል። እሱን ሳታነጋግሩ ደብዳቤውን አታስገቡ።